የሐዲዱ ጫፍ፦ የጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ እስከ ዶራሌ

ኦቦክ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች፣ ፀሐይ የሚያነድዳትና ነፋስ የሚያንገላታት ጠረፍ ነች። በ1854 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ይህችን ጠረፍ ከአፋር ሱልጣኖች በ10 ሺህ ማርያ ቴሬዛ ብር ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ከገዛት በኋላ ግን ለሃያ ዓመታት ያህል ዞር ብሎ አላያትም። የዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከሰሜን ወደ ምጽዋ፣ ከሐረር ወደ ዘይላ፣ ከሸዋ ደግሞ ወደ ታጁራ ይወርድ ነበር። ጅቡቲ የምትባል ከተማ ገና አልተቆረቆረችም።

ነገሩን የለወጠው በ1862 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ መከፈት ነው። ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚሄዱ የእንፋሎት መርከቦች አፍሪካን መዞር ቀረላቸውና በቀይ ባሕር ያልፉ ጀመር። የእንፋሎት መርከብ ደግሞ በየመንገዱ የድንጋይ ከሰል ይፈልጋል። በአካባቢው የከሰሉ መጋዘን ኤደን ነበር፤ ኤደን በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ፈረንሳይ ከቻይና ጋር ስትዋጋ ለጦር መርከቦቿ ከኤደን ከሰል ተከለከለች። የራሷ ማከማቻ የግድ ሆነና በ1876 ዓ.ም. ሌዎንስ ላጋርድ የሚባለውን ሹም ወደ ኦቦክ ላከች።

ላጋርድ ኦቦክ እንደማትበቃ ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። መርከብን ከነፋስ የምትከልል አልነበረችም፤ ወደ መሐል አገር የሚወስደውም መንገድ አስቸጋሪ ነበር። ዓይኑን ወደ ባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ዳርቻ አዞረ። በ1877 ዓ.ም. ፈረንሳይ ከኢሳ ጎሣ አለቆች ጋር ተዋዋለች፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር ተስማምታ ዘይላ ለእንግሊዝ፣ ከዘይላ በስተ ሰሜን ያለው ጠረፍ ለፈረንሳይ ሆነ። በዚያው ጊዜ ወደ ባሕር በተዘረጉት የኮራል አምባዎች ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። አምባዎቹ ጅቡቲ፣ ሰርፓን፣ ማራቡና ሄሮን ይባላሉ፤ ኋላ በድንጋይና በአፈር ድልድል ተያይዘው አንድ ከተማ ሆኑ። በአቅራቢያው ካለው ከአምቡሊ ወንዝ ሥር የጉድጓድ ውኃ ይገኛል፤ ባሕሩ ጥልቅና ከነፋስ የተጠለለ ነው፤ ከሁሉም በላይ ወደ ሐረር የሚያወጣው መንገድ አጭር ነው።

የመንገድ ነገር በዚያ ዘመን ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ከአንድ ነጋዴ ጉዞ ማየት ይቻላል። ግጥም ትቶ ወደ ንግድ የገባው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያደርስ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ያህል ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ቆየ። ሸሪኮቹ በመካከሉ ሞቱበት። በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር የደረሰው ከአራት ወር በኋላ ነው። ንጉሡ ግን አንኮበር አልነበሩምና ወደ እንጦጦ መውጣት ነበረበት። በሒሳቡም እጅግ ተጎዳ።

በዚያው ዓመት ምኒልክ ሐረርን ያዙ። ሐረር ከጥንት ጀምሮ የባሕሩና የደጋው ንግድ መገናኛ ነበረች፤ በእጃቸው ስትገባ የባሕር በር ጥያቄም አብሮ መጣ። ምኒልክ መልሱን ከግመል ሌላ ፈለጉ። በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡት። ሐዲዱ በመጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ቀጥሎ እስከ እንጦጦ፣ በመጨረሻም እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። በመካከሉ የዓድዋ ጦርነት ሆነ፤ ከድሉ በኋላ በ1889 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ባደረጉት ውል ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ መሆኗ ታወቀ። ላጋርድም በምኒልክ ዘንድ የፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ፣ የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕረግ እስከ መቀበል ደረሰ።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በጣም ከባድ ነበሩ። ገደሉ በረጃጅም የብረት ድልድዮች መሻገር ነበረበት፤ የሆልሆል ድልድይ ከእነዚያ አንዱ ነው። ውኃ ከሩቅ ይመጣል፤ ሙቀቱ ሠራተኛ ይጥላል። የኢሳ አርብቶ አደሮች ደግሞ ሐዲዱ የግጦሽ መሬታቸውን አቋርጦ፣ ከቅፍለት የሚያገኙትን ገቢ ሊያስቀርባቸው መሆኑን አይተው ሥራውን በተደጋጋሚ አጠቁ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ይውጣ ቢባል ወጪው የማይቻል ሆነ። ስለዚህ በተራራው ግርጌ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ባዶ ሜዳም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ ስላነሰው የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባበት፤ ምኒልክም የግል ኩባንያ ብለው የፈቀዱት ሥራ በሌላ መንግሥት እጅ ሲገባ አልወደዱትም። የባቡሩ ጉዳይ ፈረንሳይን፣ እንግሊዝንና ጣሊያንን ሲያወዛግብ ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም፣ ለጓዴሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን ተሰጠ። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተመሥርቶ ሥራው ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ግን ካረፉ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐዲድ የጅቡቲን ወደብ ከደጋው ገበያ ጋር አሰረው። ቅፍለት ሳምንታትና ወራት የሚፈጅበትን መንገድ ባቡሩ በሦስት ቀን ይጨርሰው ነበር፤ ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ይወርድ፣ አቡጀዲ፣ ላምባ፣ ብረታ ብረትና ጨው ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ለዘመናት የሐረር በር የነበረችው ዘይላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተረሳች። ባሕሯ አልደረቀም፤ ነጋዴዋ ግን ወደ ሐዲዱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጅቡቲም ስትነሣ ስትወድቅ የኖረችው በኋላዋ ባለው መንገድ ምክንያት ነው።

በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር የዓለም መንግሥታት እንግዶች በዚሁ መንገድ ገቡ። የእንግሊዙ የግሎስተር መስፍንና የፈረንሳዩ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ወርደው በባቡር ወደ አዲስ አበባ ወጡ። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ ያው ሐዲድ ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት ወሰዳቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በማግሥቱ ጅቡቲ ደረሱ፤ ሚያዝያ 26 ቀን ኢንተርፕራይዝ በምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሃይፋ ሄዱ። በማግሥቱ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ጣሊያን በጅቡቲ ወደብ መመካት አልፈለገም። ከአሰብ ወደ ደሴ የሚያወጣ መንገድ ሠራ፤ ምጽዋንና አሰብን አጠናከረ። ቀጥሎ የመጣው የዓለም ጦርነት ጅቡቲን ጨርሶ ዘጋት። የቅኝ ገዢው አስተዳደር ለጀርመን ካደረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ጎን በመቆሙ እንግሊዝ ከተማዋን በባሕርና በየብስ ከበበቻት፤ ሕዝቡም በረሃብ ተጎዳ። አስተዳደሩ ለነጻ ፈረንሳይ እጁን የሰጠው በ1935 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው።

እስከ ጦርነቱ ዘመን ድረስ ትልልቅ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ዳር ርቀው መልሕቅ ይጥሉ ነበር፤ ጭነቱ ወደ ጀልባ እየወረደ፣ ከጀልባ በሰው ትከሻ ወደ መጋዘን ይገባ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ውቅያኖስ አቋራጭ መርከብ ቀጥታ ተጠግቶ የሚያራግፍባቸው ጥልቅ ማረፊያዎች ተስፋፉ። በ1941 ዓ.ም. ፈረንሳይ ለግዛቲቱ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተቆራኘ የራሷ ፍራንክ ሰጠቻት፤ ወደቧንም ነጻ ወደብ አደረገች። የጅቡቲ ፍራንክ እስከ ዛሬ በዶላር ላይ እንደተቆራኘ አለ፤ ለነጋዴ የገንዘቡ አለመዋዠቅ ትልቅ ነገር ነው።

አራት ዓመት ሳይሞላ የኋላው አገር ሁኔታ ተለወጠ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ኢትዮጵያ ምጽዋንና አሰብን አገኘች። የውጭ መንግሥት ወደብና ከፈረንሳይ ጋር በጋራ የሚያዝ ባቡር ለአዲስ አበባ ብቸኛ አማራጭ መሆናቸው ቀረ። በዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች አሰብ ላይ ዘመናዊ ወደብ ተሠራ፤ በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ። ጭነቱ ቀስ በቀስ ከባቡር ወደ መኪና፣ ከጅቡቲ ወደ አሰብ ዞረ።

በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ በአረቦችና በእስራኤል ጦርነት ምክንያት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ። ለስምንት ዓመታት ቀይ ባሕር ከሰሜን በኩል መውጫ አልነበረውም። ከሚያልፉ መርከቦች ለነዳጅና ለውኃ በሚከፈል ገንዘብ የምትኖረው ጅቡቲ ጭር አለች። ቦዩ በ1967 ዓ.ም. ሲከፈት የመርከቡ ዓለም ተለውጦ ነበር፤ ኮንቴይነር መጥቷል፤ መርከቡም ገዝፏል።

ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች። የአዲሲቱ አገር ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የተረከቡት አንድ ወደብ፣ አንድ ባቡርና በጣም ጥቂት የሚታረስ መሬት ነው። ባቡሩ ደግሞ በዚያው ሰሞን ተቋርጦ ነበር፤ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ሊፈነዳ ሲል የምዕራብ ሶማሊያ ተዋጊዎች የሐዲዱን ድልድዮች አፈረሱ። ሥራው እስኪቀጥል ወራት አለፉ። መንግሥቱ ግን ወደቡን አልተወም። በ1977 ዓ.ም. የኮንቴይነር ተርሚናል ከፈተ፤ ጭነት ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ማዕከል ለመሆን አስቦ ነበር። ኢትዮጵያ አሰብ እያላት የጅቡቲ ድርሻ ትንሽ ነበረ።

በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ሆነች። ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ አልባ ብትሆንም አሰብን በስምምነት መጠቀሟን ቀጠለች፤ አብዛኛው ገቢና ወጪ ጭነቷም በዚያው ይመላለስ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ባንዴ ተዘጋ።

ነጋዴው፣ ትራንዚተሩና ሹፌሩ ፊታቸውን ወደ ጋላፊ አዞሩ። አሰብን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀው የከባድ መኪና ሹፌር አሁን በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ አልፎ፣ ጋላፊ ላይ የድንበር ወረፋ ጠብቆ፣ በዲኪል በኩል ወደ ጅቡቲ መውረድ ነበረበት። ከከተማዋ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ፒ.ኬ. 12 የኢትዮጵያ መኪኖች የሚቆሙባት፣ አማርኛ እንደልብ የሚሰማባት ሰፈር ሆነች። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ሹፌሩና ረዳቱ ከመኪናው ሥር ጥላ እየፈለጉ ዲክላራሲዮናቸው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ስንዴውም፣ ማዳበሪያውም፣ መድኃኒቱም ከጠረፍ አያልፍም ነበር፤ በኢትዮጵያ የንግድ ታሪክ የሚገባቸውን ስፍራ ያገኙ አይመስልም።

አሮጌው ወደብ ለዚህ ሁሉ ጭነት አልተሠራም። በ1991 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ዑመር ጌሌ ወደቡን ለማስፋት ወደ ዱባይ ተመለከቱ። ጌሌ የተወለዱት ሐዲዱ በወለዳት ከተማ በድሬዳዋ ነው፤ የወደቡና የኋላው አገር ዝምድና አይጠፋቸውም። በ1992 ዓ.ም. የዱባይ ወደቦች ኩባንያ የጅቡቲን ወደብ ለ20 ዓመት እንዲያስተዳድር ውል ተፈረመ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ዶራሌ በተባለው ጠረፍ በመጀመሪያ የነዳጅ ማራገፊያ ተሠራ፤ ቀጥሎ በ2001 ዓ.ም. የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ተመረቀ።

ዶራሌ ጅቡቲን ሌላ ደረጃ ላይ አወጣት። የመርከብ ማረፊያው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የባሕሩ ጥልቀት 18 ሜትር ይደርሳል። በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የማስተናገድ አቅም አለው። በሺህ የሚቆጠር ኮንቴይነር የተሸከመ መርከብ ተጠግቶ፣ ግዙፎቹ ክሬኖች ጭነቱን እያነሡ በቀጥታ ከመርከቡ ወደ መኪና ያወርዱታል። ዓለም ባንክ በ2012 ዓ.ም. ግድም በተሰበሰበ መረጃ የዓለምን የኮንቴይነር ወደቦች ቅልጥፍና ሲመዝን ጅቡቲ 61ኛ ወጣች፤ ከአፍሪካ ደግሞ አንደኛ ነበረች።

በኢትዮጵያ በኩልም አሠራሩ ተቀየረ። ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ ተከፈተ፤ በ2004 ዓ.ም. የመርከብ፣ የደረቅ ወደብና የባሕር ትራንዚት ድርጅቶች ተዋሕደው አንድ ሆኑ። መልቲሞዳል በሚባለው ሥርዓት አስመጪው ዕቃውን ጅቡቲ ሄዶ መረከቡ ቀረ፤ ድርጅቱ ከመነሻው ወደብ አንሥቶ በአንድ ሰነድ እስከ ሞጆ ያደርስለታል። በጅቡቲ ግቢ ዕቃ በቆየ ቁጥር የሚቆጠረው የዲመሬጅና የመጋዘን ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ጭነቱን ቶሎ ማንሣት የአገር ጉዳይ ነው። ኮንቴይነር ግን ሞጆ ሲደርስም ሊከማች ይችላል፤ ጥበቱ ከባሕሩ ወደ የብሱ መሻገሩ በተደጋጋሚ ታይቷል።

2008 ዓ.ም. ይህን በግልጽ አሳየ። በኤልኒኞ ምክንያት የመጣው ድርቅ ሚሊዮኖችን ለእርዳታ አጋለጠ። ስንዴ የጫኑ መርከቦችና የማዳበሪያ መርከቦች ባንድ ወቅት ጅቡቲ ላይ ተገናኙ፤ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች በባሕሩ ላይ ተሰለፉ፤ የሚጭኑ መኪኖችም አልበቁም። እህሉ ደርሶ ሳለ የተራበው ሰው ዘንድ ለመድረስ ሳምንታት ፈጀ።

በተከታዩ ዓመት ብዙ ነገር አንድ ላይ ተከፈተ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የሚደርሰው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በኢትዮጵያ በኩል ተመረቀ። ለሥራው የሚበዛውን ገንዘብ ያበደረው የቻይና ኤግዚም ባንክ ነበር። በግንቦት 590 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ሥራ ጀመረ፤ በሰኔ ደግሞ ታጁራ ላይ አዲስ ወደብ ተከፈተ። ራምቦ ግመል የጠበቀበት ጠረፍ አሁን ከኢትዮጵያ የሚወጣ የፖታሽ ማዕድን እንዲጫንበት የታሰበ ነው። ዝምድናው በዕቃ ብቻ አልቀረም፤ ጅቡቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ትገዛለች፤ ከሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውኃም በቧንቧ ይወርድላታል።

የካቲት 15 ቀን 2010 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል ያስተዳድረው ከነበረው ከዱባዩ ኩባንያ ከዲፒ ዎርልድ ነጥቆ ተረከበ። ውሉ ሉዓላዊነቴን ይጎዳል አለ፤ ኩባንያው ለንደን ላይ በግልግል ዳኝነት ከሰሰ፤ ውሳኔዎችም ወጡለት። ክርክሩ ተርሚናሉን አላስቆመውም። ዲፒ ዎርልድ በበኩሉ በሶማሌላንድ የበርበራን ወደብ አስፋፋ፤ ኢትዮጵያም በበርበራ የ19 በመቶ ድርሻ እንደሚኖራት ተነግሮ ነበር፤ ድርሻው ግን ሳይጸና ቀረ። በሞምባሳና በላሙ፣ በፖርት ሱዳንና በበርበራ አማራጭ ይፈለግ እንጂ እስከ ዛሬ ከኢትዮጵያ የባሕር ጭነት ከመቶ ዘጠና በላዩ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው።

ነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ ጅቡቲ ደረሰች። የጫነችው 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ነበር። የዩክሬኑ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከጥቁር ባሕር ወደ አፍሪካ የላከው የመጀመሪያው የእህል መርከብ ነው፤ መድረሻውም ድርቅ ያጠቃው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነበር። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ሲያጠቁ ብዙ ኩባንያዎች አፍሪካን ወደ መዞር ተመለሱ፤ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ጭነትም የመድንና የማጓጓዣ ዋጋው ተጫነው።

የኢትዮጵያ ገበሬ በየዓመቱ የሚጠብቀው ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያም በዚሁ በር ይገባል። መርከቡ ልቅ አድርጎ ያመጣውን ማዳበሪያ የወደቡ ሠራተኞች በጆንያ ይሞሉታል፤ ከዚያ ከፊሉ በባቡር፣ የሚበዛው በመኪና ወደ ደጋው ይወጣል። ክረምት ሳይገባ ጎጃም፣ አርሲና ወለጋ መድረስ አለበት። ለዚህም የወደብ ተራ፣ የመኪና ስምሪትና የባቡር ፉርጎ ከወራት በፊት ይታቀዳል።